ምስር የሚለቅመው ብረት

ለምወድህ ልጄ ለተስፋሁን አስማረ፣ ጅዳ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እህትህ ሙሉዓለም ግን ደህና አይደለችም። በስልክ ልነግርህ ብሞክር ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩት። እዚህ ያሉ ልጆች ፎቶ አንስተው ይልኩልሃል።

ጎኗን እየወጋ የሚያስለቅሳት የሐሞት ጠጠር ነው አሉ። ከእስቴ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይዣት ከመጣሁ አምስት ቀኔ ነው። ነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ትገባለች። ሆዷን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም ብረት አስገብተው ነው የሚያወጡት። ሐኪሟ ዶክተር ሰርካለም ትባላለች፤ ከሙሉዓለም ብዙም የምትበልጥ አትመስልም።

ትናንት ውጤት ልጠይቅ ክፍሏ ብገባ፣ ስክሪን ላይ አፍጣ ጌም ትጫወታለች! እኛ ጋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ልጆቹ ትምህርት ጥለው የሚውሉበትን፣ ያንኑ። «አንቺ ልጅ፣ የልጄ ሆድ መጫወቻሽ ነው እንዴ?» አልኳት። አልተቆጣችም። «እማማ፣ ይኼ ጣቴን ማፍታቻ ነው፤ ዋናው ይኸውልዎ» ብላ ካርቶን አወጣች። ውስጡ ካሜራ ተተክሎ ምስር ተበትኗል። ረጃጅም ብረቶቹን በሁለት ቀዳዳ አስገብታ፣ እጇን ሳታይ፣ ስክሪኑን ብቻ እያየች ምስሩን አንድ በአንድ ትለቅማለች።

«እርስዎ ጥጥ ሲፈትሉ እጅዎን ያያሉ?» አለችኝ። አላይም አልኳት። «ታዲያ እኔን ምነው ተቆጡኝ?» ብላ ሳቀች። ልስቅ ስል አንዷ ምስር ከብረቱ አምልጣ ወደቀች።

«ሆዷ ውስጥ እንዲህ ቢያመልጥሽስ?» አልኳት። «ያኔ በሰፊው ከፍቼ አስተካክላለሁ እንጂ ትቻት አልወጣም» አለች። አለመዋሸቷ የባሰ አስፈራኝ።

የሚፈረመውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደም ሊፈስ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል ይላል። ፊደል ማወቅ ፍርሃት የሚያስለቅቅ መስሎኝ ነበር፤ የምፈራውን ለይቶ አሳየኝ እንጂ አላስለቀቀኝም።

ልጄ፣ ለአባትህ ሐኪም አልደረሰለትም እያልኩህ ኖሬያለሁ። ሐሰት ነው። ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ይግባ ብለው እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። ማንበብ አልችል፤ አስፈርመው የሚገድሉት መሰለኝ። አልፈርምም ብዬ በቃሬዛ ወደ ቤት መለስኩት። በሦስተኛው ቀን አረፈ። በአንተ አሮጌ ደብተር ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ብለህ ስትጠይቀኝ ዳዊት ልድገም ብዬ ነው ያልኩህ።

ዛሬ ፈርሜያለሁ። ስሜ ከመስመሩ ወጥቷል። ክፉ ቢመጣ ያቺን ሐኪም እንዳትረግማት፤ ፈርማ ያስገባቻት እናትህ ናት። የአባትህን ነገር እንዳሻህ ፍረደኝ። ነገ እስኪያልፍ ግን አትቆጣኝ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አልችልም።

አብሮህ የሚኖረውን ይታየውን በጣም ሰላም በልልኝ። አያትህ እማማ ታንጉ ቤት እየጠበቁ ነው፤ ጉንጭህን ስመውሃል። ሙሉዓለም «ደህና ናት በይልኝ» ብላሃለች። መፍራቷን እንዳላውቅባት ብላ ነው እንጂ፣ እጄን ከያዘች ጀምሮ አልለቀቀችኝም፤ ይህን የምጽፍልህ በአንድ እጄ ነው።

እናትህ መስታወት
ደብረ ታቦር፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.