ሰባ አምስት ብዬ ስለጻፍኩት አሥራ አምስት፣ ለክቡር ዲን

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14። ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ፤ የአስተዳደር ሕንጻው ደረጃ ላይ አሸዋ ተበትኗል። የተገኙት፦ ዲኑ ዶክተር ኤልዉድ ስተርጂስ፣ ሬጅስትራሩ ሚስተር ፖምሮይ፣ ከፈረንሳይ ለአንድ ዓመት የመጣችው ረዳት መምህርት ማኤል ለጎፍ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሎሬይን ዌሌት። ያልተገኙት፦ የፈረንሳይኛ ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር፣ ለምርምር ፓሪስ ስላሉ፤ እንዲሁም ስብሰባው የተጠራባት ተማሪ ታሪን ማክኒል፣ ስላልተጋበዘች።

ለተከበሩ ዶክተር ስተርጂስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ባለፈው ሳምንት በረዶ ላይ አንሸራትቶዎት ለተጎዳው ጉልበትዎ ጤናን እመኛለሁ። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ያውቁታል፤ ትናንት ጽፌ ለፊርማ ያቀረብኩልዎ ቃለ ጉባኤ መግቢያ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ በታች ያለውን በተመለከተ፣ በዚህ ኮሌጅ በጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ያልታዘዝኩትን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ቢረዝምብዎ በተለመደው ትዕግሥትዎ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ። የከተማችን ጋዜጣ ሐሙስ ስለሚወጣ አንድ ቅጂ ለእነሱም ልኬያለሁ።

አንደኛ፣ ማኤልን በኦገስት ስትቀበሏት ስለሰጣችኋት የአርባ ገጽ መመሪያ አመሰግናለሁ። ተማሪ ቢሮዋ ሲመጣ በር እንዳትዘጋ፣ ተማሪ በትምህርት ሰዓት ሾርባ ቢጠጣ እንዳትቆጣ፣ በኮሪደር ሲያልፍ «እንዴት ነሽ?» የሚላት ሰው መልስ እንደማይጠብቅ ሁሉ ተዘርዝሮበታል። ይህን የመጨረሻውን ዘግይታ ነው ያነበበችው። በመጀመሪያው ሳምንት «እንዴት ነሽ?» ያላትን ሁሉ አመስግና፣ ቆም ብላ ጉንፋኗንና የክፍሏን ማሞቂያ ነገር ስታስረዳ፣ ጠያቂው ደረጃውን ወርዶ ጨርሶ ነበር። ማርክ በዚህ አገር እንዴት እንደሚሰጥ ግን በአርባው ገጽ ውስጥ አንድ መስመር አልነበረም። የዓለም ሕዝብ ሁሉ እንደ እኛ ከመቶ ይቆጥራል ተብሎ ይሆናል።

እኔ ግን እንደማይቆጥር ዐውቅ ነበር። በሕንጻችን ውስጥ ምሳውን ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የማይበላ ሰው ከእኔ በቀር ማኤል ብቻ ነበረች። እኔ የተቀቀለ ባቄላዬንና ጥቁር ዳቦዬን፣ እሷ አይብና ፖም ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ እንቀመጥ ነበር። እርስዎ «ሎሬይን፣ ይህን ቶሎ አድርሺልኝ» ይሉኛል፤ ተማሪዎቹም ሎሬይን ይሉኛል፤ እሷ ግን ማዳም ዌሌት እያለች፣ አንቱ ብላ ነበር የምታወራኝ። በኦክቶበር አንድ ቀን ስለ ማርክ ተነሣና «ሃያ የእግዜር ነው፣ ማዳም» አለችኝ። «አሥራ ዘጠኝ የአስተማሪው። ተማሪ የተረፈውን ይካፈላል። እኔ በዕድሜዬ አሥራ ስድስት አግኝቼ አላውቅም።» እኔም በትምህርት ቤት ስለ ማርክ ብዙ የማወራው ስለሌለኝ ሳቅሁ። እንግዲህ ከኦክቶበር ጀምሮ ዐውቅ ነበር ማለት ነው። ቀኑን የምጠቅሰው ለትክክለኛነት ነው።

ሁለተኛ፣ ማርኩ ከወጣ በኋላ ላሳዩት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች የሦስቱ አባቶች ስልክ በደወሉ በሁለት ቀን ውስጥ ልጆቻቸው ትምህርቱን ከነጭራሹ እንዳልወሰዱት ተቆጠረላቸው። የታሪን እናት በሰሜን በኩል ድንች ማሸጊያ ውስጥ ቆማ ስለምትውል ለመደወል አልተመቻትም። ቢመቻትም አይጠቅማትም ነበር። ልጅቷ ትምህርቱን ብትሰርዝ ለነጻ ትምህርት ዕድሏ የሚያስፈልገው የክፍለ ጊዜ ብዛት ይጎድላል፤ ባትሰርዝ ደግሞ ከሰማንያ በታች ማርክ ስላለባት ዕድሉ ይነሣል። ማርኳ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልታረመ የማደሪያ ክፍሏን ቁልፍ አስረክባ ትሄዳለች። ከአሥራ አንዱ ሁሉ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች። ማኤል ከሃያ አሥራ አምስት ሰጥታት፣ ከጎኑ «ከዚህ በላይ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» ብላ ጽፋላታለች።

ሦስተኛውን ቁጥር ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

አባቴና እናቴ በወንዙ ዳር የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ ቤታችን የሚነገረው ፈረንሳይኛ ነበር። በትምህርት ቤት ግን ያን ቋንቋ የተናገረ ልጅ ወደ ግድግዳ ፊቱን አዙሮ ይቆም ስለነበር፣ እናቴ በዘጠኝ ዓመቴ ስትሞት ቋንቋውን ከእሷ ጋር ቀበርኩት። መልሼ ያወጣሁት እዚህ ከተቀጠርኩ በኋላ ከክፍሉ የቆሻሻ ቅርጫት ነው። የተቀደደ የቤት ሥራ፣ ግማሹ የጠፋ ቃል ጽሕፈት፣ ቡና የፈሰሰበት ፈተና እየለቀምኩ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖራለሁ። ማንበብ የተማርኩት በሌሎች ስህተት ላይ ከተጻፈ ቀይ ቀለም ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ማኤል ግን ቆርቆሮውን አይታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ የምትጥለውን ወረቀት አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ ታኖርልኝ ጀመር።

በዲሴምበር መጀመሪያ በክፍሉ የዓመት መጨረሻ ግብዣ ላይ፣ በእጄ የአይብ ሳህን ይዤ፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አፌን በፈረንሳይኛ ከፈትኩ። አባቴ ስለ ሽመና ማሽኑ የሚያወራውን አንድ ቀልድ ነው የነገርኳት። ማኤል ቀልዱ ሳያልቅ በሳቅ ፈነዳች። «እንዴት ደስ ይላል!» ብላ ለተማሪዎቹ ዞረች። «ልክ እንደ ቅድመ አያቴ እኮ ነው የሚያወሩት!» እነሱም ሳቁ። ፍቅሯ እንደነበረ ያን ጊዜም ገብቶኛል፤ ግን የገባው ለጆሮዬ ነው፣ ለሆዴ አይደለም። ፈገግ ብዬ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ፣ ወደ ግድግዳው ፊቴን አዙሬ አጠብኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ የማርኩ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በላዩ ላይ ቢጫ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «ማዳም ዌሌት፣ በእኛ አገር አሥራ አራት በጣም ጥሩ ነው። እዚህ ስንት ተብሎ ይጻፋል? እርስዎ ሁለቱንም አገር ያውቃሉና እባክዎ ያስተካክሉልኝ።»

ክቡር ዲን፣ ከአራት ዓመት በፊት የአንድ ተማሪ ቅጽ ላይ የተሳሳተ ቀን በማረሜ የጻፉልኝን ደብዳቤ ያስታውሱ ይሆናል። «የጽሕፈት ሠራተኞች ቅጽ ይሞላሉ እንጂ አይተረጉሙም» ይል ነበር። ስለዚያ ደብዳቤ ዛሬ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ለክፋት የሚሆን እንዲህ ያለ ሞቃት መሸሸጊያ በጽሑፍ አዘጋጅቶ የሚሰጥ አለቃ ጥቂት ነው። ቢጫውን ወረቀት ላጥኩና ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከመቶ ስለሚጠይቅ እያንዳንዱን ማርክ በአምስት አባዛሁ። አሥራ ሁለት፣ ስልሳ። አሥራ አራት፣ ሰባ። የታሪን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ልጅቷን ዐውቃታለሁ፤ በረዶ በጣለ ቁጥር የእኔን መኪና መስታወት ሳልጠይቃት የምትጠርግልኝ እሷ ናት። አሥራ አምስት፣ ሰባ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ትእዛዝ አከበርኩ። ሙልጭ ያለ፣ አንድም እንከን የማይወጣለት ሥራ ነበር።

ማርኩ የወጣ ቀን ታሪን መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ሎሬይን፣ ማኤል እኮ ከሁሉም በለጥሽ ብላኝ ነበር» አለችኝ። «እየቀለደችብኝ ነው እንዴ?» እኔም ይህን የሚመለከተው የሬጅስትራር ቢሮ መሆኑን ገለጽኩላት፤ የቢሮውን የሥራ ሰዓትም ነገርኳት። ማኤልን አልጠየቀቻትም፤ ሰው የቀለደበትን ሰው አይጠይቅም። ማኤልም ለበዓሉ አገሯ ሄዳ ስለነበር፣ የጻፈችው አሥራ አምስት ምን እንደሆነ የሰማችው ትናንት በእርስዎ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃለ ጉባኤው ልመለስ። ያልመዘገብኩት እንደሚከተለው ነው። ለጥሩ ተማሪዎች እንዴት እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ማርክ እንደሰጠች ሲጠይቋት ማኤል ዝቅተኛ የሚለው ቃል ጨርሶ አልገባትም። ሚስተር ፖምሮይ የሰባ አምስቱን ወረቀት ሲያሳያት ፊቷ ቀስ እያለ ነጣ። «ጠይቄ ነበር እኮ» አለች። «ማስታወሻ ጽፌያለሁ።» ለማን ብለው ጠየቋት። ቀና ብላ አየችኝ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት እንደቀረኝ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነግሬያታለሁ። እስክሪብቶዬ እንደማይንቀሳቀስ አየች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ትናንት እጅግ ንጹሕ ነበር።

ማኤል ወደ እርስዎ ዞረችና «አላስታውስም» አለች።

እርስዎም በዚህ ስለረኩ፣ ረዳት መምህርቷ በቸልተኝነት ማርክ ስለሰጠች በወሩ መጨረሻ ወደ አገሯ እንድትመለስ፣ የማርክ ስህተት ስለመኖሩ የሚያስረዳ ማስረጃ ባለመገኘቱም የታሪን ውጤት እንዲጸና ወሰኑ። ቀጥለው «ሎሬይን፣ ስለ ልዩነቱ አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም እንዳልነበረ መዝግቢ» አሉኝ። ሦስት ሰዎች በተቀመጡበት ጠረጴዛ ዙሪያ አራተኛዋን ማንም እንደማይጠይቃት ዐውቄ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ «ማንም አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። የእርስዎን ውሳኔ እወቅሳለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ሳየው ግን እርስዎ የወሰኑት እኔ በሰጠሁዎት ወረቀት ነው። በእኔ እጅ ያልተጻፈ ውሸት በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔን ለማዳን የተነገረ ነው።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እንዲሟላ የዛሬውን ጠዋት እጨምራለሁ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 15። ዝናቡ አቁሟል፤ ብርዱ መሬቱን መስታወት አድርጎታል። የተገኘች፦ ሎሬይን ዌሌት።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ቢሮ ገባሁ። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቼ ቢጫውን ወረቀት አወጣሁ፤ ማጣበቂያው ላይ የሌላ ሰው ቃል ጽሕፈት ተጣብቆበት ነበርና ቀስ ብዬ አላቀቅሁት። በማባዣው አራት ቅጂ አነሣሁ። ያልፈረሙበትን ቃለ ጉባኤ ከጠረጴዛዎ ላይ ወስጄ «ማንም አልነበረም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ፣ ሳይደመሰስ እንዲነበብ ትቼ፣ በላዩ «ጸሐፊዋ ታውቅ ነበር» ብዬ ስሜን ፈረምኩ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የማኤል ማደሪያ ክፍል በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። ሻንጣዋ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። የሠራሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአባቴ ፈረንሳይኛ ነገርኳት። አልሳቀችም። ስጨርስ «ያን ቀን ቀልዱ ሳያልቅ ነው የሳቅሁት» አለች። «መጨረሻው ምን ነበር?» ልነግራት አልቻልኩም፤ ደረጃውን ወረድኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በማደሪያዋ ኮሪደር የቢጫውን ወረቀት አንድ ቅጂ ለታሪን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ጃኬቷን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። መኪናዬ ዛሬ ከነበረዶው ነው ያለው፤ ተገቢም ነው።

ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሬጅስትራር መስኮት የማርክ ማረሚያ ቅጽ ተቀበልኩ። አሥራ አምስት የሚለውን ዘጠና ሁለት፣ የቀሩትን ሰባት ተማሪዎችም እንደየደረጃቸው አስተካክዬ ሞላሁ፤ ማኤልም መጥታ ፈረመችበት። ቅጹ ለስህተቱ ምክንያት ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፦ «የሒሳብ ስህተት» እና «የጽሕፈት ስህተት»። ሁለቱም አልሆኑም። ከሥራቸው በማስመሪያ አንድ ሦስተኛ ሳጥን ሠራሁ፣ ከጎኑ «ዐውቃ ነው» ብዬ ጻፍኩና ምልክት አደረግሁበት። ሚስተር ፖምሮይ እንዲህ ያለ ሳጥን በቅጹ ላይ የለም አሉኝ። እንደሌለ ዐውቃለሁ አልኳቸው፤ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር ገፋሁላቸው።

በእርስዎ ቸርነት ለሃያ ሁለት ዓመት ቅጽ የሞላች፣ ለአንድ ጠዋት ደግሞ የተረጎመች፣ የእርስዎንም ጉልበት የታሪንንም ዓርብ በጸሎቷ የምታስብ፣

ሎሬይን ዌሌት፣
የፈረንሳይኛ ክፍል ጸሐፊ (እስከ አሁን)

ተጨማሪ፦ ቢጫው ወረቀት በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስለሆነ ትርጉሙን አያይዤልዎታለሁ። የጽሕፈት ሠራተኛ መተርጎም ስለማይፈቀድላት ትርጉሙን እንዳላዩት እንዲቆጥሩት በትሕትና አሳስባለሁ። ከዚያ በኋላ በኮሌጁ ውስጥ ማስታወሻውን ሊያነብልዎ የሚችል የፈረንሳይኛ መምህር ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛዋ እርስዎ ያባረሯት ማኤል ናት፤ ሌላው ፕሮፌሰሩ ናቸው፣ ከፓሪስ የሚመለሱትም በሴፕቴምበር ነው። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ግን ከሴፕቴምበር ይቀድማል።