በሦስተኛው ረድፍ የተዋስከው መነጽር

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ስትሰፋ ስለምትውል ድሮም የሚያስቸግርህ እሱ ነበር። ጉልበትህስ? እንቅልፍህስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ከረቡዕ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ካለመቻሉ በቀር ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ "እርስዎ" እያልኩ ጽፌው ነበር። ግማሽ ገጽ እንደሄድኩ ቀደድኩት። ከጫማ መስፊያህ ስር ቁጭ ብዬ የቆዳ ቁራጭ ስለቅም ያደግኩ ልጅ፣ ዛሬ አንቱ ብልህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኩርፊያ ማኅተም የመታሁለት መሰለኝ። ስለዚህ አንተ ነህ። ከተቀየምክ በአካል መጥተህ ተቆጣኝ።

ስጦታህ ደርሶኛል። ጫማው ልክክ ብሎልኛል፤ ይህን ስጽፍልህም አድርጌዋለሁ። እንዴት እንደደረሰኝ ግን ማወቅ አለብህ። ረቡዕ ዕለት የፕሮፌሰርነት ንግግሬ ሲያልቅ መድረኩ ስር አቅፈህ የሳምካት፣ ሳጥኑን ያስያዝካት፣ "ኮራሁብሽ፣ የወንድሜ ልጅ" ያልካት ሴት እኔ አይደለሁም። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ናት። በዚያ ቀን ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥቁር ካባና ቆብ ነበር የለበስነው፤ በቁመትም እኩል ነን። እሷ ደግሞ ሰው ማሳፈር የማትወድ ሴት ናት። ተሳስተዋል ልትልህ አፏን ስትከፍት እንባህ ቀደማትና ዝም ብላ ታቀፈች። ሳጥኑን ቢሮዬ ድረስ ይዛልኝ መጥታ፣ "የማላውቀው አጎት አገኘሁ። ያንቺ ከሆነ ውሰጂው፤ ካልሆነ ግን ላስቀረው ነው፣ ሲያቅፍ ደስ ይላል" አለችኝ።

አትፈር። እኔም ደረጃው ላይ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ያሳልፉኝ" ብዬህ አልፌሃለሁ። አንተ መሆንህን የነገረችኝ እማዬ ናት።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በወጉ ነግሬህ አላውቅም። አንተ ስትሄድ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? እኔ የማጠናው ከዓይን ተነስቶ እስከ ፍርዱ ያለውን መንገድ ነው፤ አእምሮ ያየውን ነገር እንዴት እንደሚያውቀው ማለቴ ነው። ከዚያም ውስጥ የያዝኩት አንዲት ጠባብ ጥግ ነው፤ የሰው ፊት።

የገባሁበት በጥፋት ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ በጋ ከክረምት ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ መምህር ነበረን፤ ባለ ሻርፑ ነበር የምንለው። አንድ ቀን የክፍላችንን ልጆች ፎቶ፣ ፀጉርና ጆሯቸውን ቆርጦ ፊታቸውን ብቻ አስቀርቶ አመጣና ማን ማን እንደሆኑ ጻፉ አለን። ልጆቹ ሁሉ እየሳቁ ጻፉ። እኔ ከሠላሳው ሦስት አወቅኩ። ካላወቅኳቸው አንዷ እኔው ራሴ ነበርኩ። መምህሩ ያላገጥኩበት መስሎት ከክፍል አስወጣኝ። በነጋታው ቢሮው አስጠርቶ በቀልድ ነው ወይ ሲለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን እንድጠርግበት ሻርፑን አውልቆ ሰጠኝ፤ ቀና ብዬ ሳየው ሻርፕ የሌለው፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ያን ጊዜ እሱም ገባው፣ እኔም ገባኝ። ከክፍል ያስወጣኝ ሰው ወደ ሙያው አስገባኝ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፣ አጎቴ። ዓይናቸው ደህና ነው፣ ትዝታቸውም ደህና ነው፤ ፊት ብቻ አይያዝላቸውም። ሰውን በአረማመዱ፣ በድምፁ፣ በለበሰው ይለያሉ። ብዙዎቹ ሌላውም ሰው እንደዚያው የሚለይ ስለሚመስላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያውቁት ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በዘር ነው፤ አንድ ሰው ከተገኘ ከዚያው ቤት ሁለት ሦስት አይጠፋም።

ባለ ሻርፑ መዝገቡ ላይ "ተሳታፊ ቁጥር አንድ" ብሎ ጻፈኝና ስሜን ላለማውጣት ቃል ገባልኝ። እንጀራ የበላሁት በዚያች ሴት ነው ብልህ አላጋነንኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እሷ የጻፍነው ጥናት ሦስት ጊዜ ተመልሶብናል። አንደኛው ገምጋሚ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው ብሎ ጻፈ። ከዓመት በኋላ አንድ ስብሰባ ላይ ተገናኝተን ሻይ ጋበዘኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ተሳታፊ ቁጥር አንድ ሲጠራጠር እኔ ብስኩቴን በላሁ።

እኔ ግን ምስጢሩን አላወጣሁም። የፊት ተመራማሪዋ ፊት አታውቅም ቢባል መሳቂያ የምሆን መሰለኝ። ስንት ዘዴ ፈጠርኩ መሰለህ! ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ቀድሜ እደርሳለሁ፤ የሚገባው ሰው ይሰላመኛል እንጂ እኔ አልሳሳትም። አንድ ጊዜ ብቻ ጉዴ ሊወጣ ነበር። በዕድሜ የሚበልጠኝ ረዳት አለኝ፤ ጢሙ እስከ ደረቱ የሚደርስ። አንድ ሰኞ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ። እኔ ለጥናት የመጣ ሰው መስሎኝ እንኳን ደህና መጡ ብዬ ጨለማ ክፍል አስገባሁት፤ አገጩን ማስደገፊያው ላይ አስቀመጥኩለት፤ የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደሚጫን አስረዳሁት። እሱ ደግሞ አሠራሩን ማወቁን እየፈተንኩት መስሎት ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ብሎ ቁልፉን ሲጫን ቆየ። በመጨረሻ አመስግኜ አስፈረምኩት። ስሙን ሳነብ ክው አልኩ። ቀና ብሎ፣ "ደህና አድርገሽ ነው ያስረዳሽኝ፤ ድምፅሽን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጊ" አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ።

አርባ ቀን ሆስፒታል ተኝተህ የወጣህበትን ቀን አልረሳሁትም። ከስተህ፣ ተላጭተህ፣ ጎረቤት ያመጣልህን ጃኬት ለብሰህ፣ የሆስፒታል ነጠላ ጫማ አድርገህ በሩ ላይ ቆምክ። አባዬ ያንን ግራጫ ኮቱን ለብሶ ሊወስድህ መጣ። ኮቱን ከሩቅ ለየኸው። እሱ ግን ዓይንህን አይቶ አለፈህ። አንተም እስኪ ስሜን ይጥራ ብለህ ዝም አልክ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰብህ፤ ሦስት ጊዜም ዝም አልክ። ቤት ገብቶ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁትም" ብሎ ሲምል አላመንከውም። ሞትን አምልጦ የወጣ ወንድሙን አይቶ እንዳላየ ካለፈ ሰው ጋር በአንድ ሱቅ ጣሪያ ስር አልሠራም አልክና በማግሥቱ መስፊያህን አስጭነህ ሄድክ።

በዓመቱ ባለ ሻርፑ ቢሮ ውስጥ ስለ ራሴ ያወቅኩ ዕለት አባዬ ትዝ አለኝ። እሱ የሰፋውን ልብስ የለበሰ ሰው ከመንገድ ማዶ ይለያል፤ ያው ደንበኛ ልብስ ቀይሮ ሲመጣ ግን እንደ አዲስ ሰው ሜትር አውጥቶ ይለካዋል። የባለ ሻርፑን ፎቶዎች ቤት ወስጄ በጨዋታ መልክ ፈተንኩት። ከእኔም የባሰ ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ሳምንት ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን ስለ እሱ ካወራሁ ስለ ራሴም ማውራት ነበረብኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አሥራ ስምንት ዓመት፣ አጎቴ። ለወንበሬ ብዬ ሁለት ወንድማማቾችን ሳላስታርቅ ኖርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ለአባዬ የነገርኩት በንግግሬ ዋዜማ ነው። "ታዲያ ዋሾ አልነበርኩም ማለት ነው" አለ።

ረቡዕ የሆነውን አንተም ሰምተሃል። ፕሮፌሰርነቱን ስቀበል የማነበው ወረቀት ነበረኝ፤ አጠፍኩትና "ተሳታፊ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ" አልኩ። ረዳቴ ከኋላ "እኔስ አውቅ ነበር!" ብሎ ጮኸና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። የሆስፒታሉን በር ታሪክም የማንም ስም ሳልጠራ ተናገርኩ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋን ስታቅፍ፣ "ለአባትሽ ንገሪው፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ፊቴን ካላወቀ ምን ያድርግ" ብለሃት ነበር። ሰምቼ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን መልእክቱን አላደረስኩትም። ራስህ ብትነግረው ይሻላል። ያን ዕለትም ልትነግረው ትችል ነበር፤ ብዙም አልራቀህም።

ወደ መነጽሩ ልምጣ። የኮትህን የውስጥ ኪስ ፈትሽ፤ ያንተ ያልሆነ መነጽር ታገኛለህ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎንህ የተቀመጠውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ? እማዬ ገዝታ በግድ ያስለበሰችው... ይቅርታ፣ ሚስቱ ገዝታ በግድ ያስለበሰችው የሱቅ ልብስ የለበሰ፣ አዲስ ጫማ ያደረገ ሰውዬ። የፕሮግራሙን ወረቀት ማንበብ ሲያቅትህ መነጽሩን አውልቆ፣ "ይያዙት፣ ለእኔ መስማቱ ይበቃኛል" ብሎ በሹክሹክታ ሰጠህ። አንተም በሹክሹክታ አመሰገንክ። ሹክሹክታ ድምፅን እንደሚደብቅ በሙያዬ ላረጋግጥልህ እችላለሁ። ረዳቴ ሲጮህማ ሁለታችሁ ተደጋግፋችሁ ስትስቁ ትከሻውን መታ መታ አድርገኸው ነበር። መጋበዣውን የላከችልህም፣ ወንበርህን የመረጠችልህም እማዬ ናት። ከኋላችሁ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መሐረቧን ስታፍተለትል ቆየች። በመጨረሻ "ሰው እንዲህም ይጠፋፋል?" ብቻ ነው ያለችኝ።

ባለ መነጽሩ ቅር አላለውም። "ጨዋ ሰው ነበር፣ ረስቶት ነው" ይላል።

ድሮ "እኔ ሰውን የማውቀው ከጫማው ነው" ስትል እንስቅ ነበር። የሙያ ቀልድ ነበር የመሰለን። ከረቡዕ ወዲህ ብቻዬን ሳስበው እንደገና እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ አልነግርህም፤ ጫማ እየሰፋህ አስበው።

አባዬ በወሩ መጨረሻ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ብሎታል፤ ብቻውን መዋሉም ሰልችቶታል። ያንተ ጥግ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ስንት ሰው ሊከራየው መጣ፤ ለሁሉም "ሰው አለው" ነው የሚላቸው። እባክህ ሳይዘጋ እሁድ ከሰዓት ብቅ በል። ያንን የቆዳ ሽርጥህን ታጥቀህ ና፤ ከሩቅ እንድትታወቅ። እሱን ግራጫ ኮቱን አስለብሰዋለሁ፤ ብብቱ ተቀዷል፣ ግን እሱ ነው። በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ። ጎንበስ ብለህ እግሬን እያየህ ሳመኝ፣ ከእንግዲህ አትሳሳትም።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፤ እጅህን ይባርክልህ፤ የቀረውን ዕድሜ አብራችሁ የምትስቁበት ያድርግላችሁ። መነጽሩንም ይዘህ ናና ለባለቤቱ አስረክብ። ሩቅ አትሄድም፤ ግራጫ ኮት የለበሰው ሰውዬ ነው።

ቡናማ ጫማ ያደረገችው፣
የወንድምህ ልጅ