እማን ያስያዛት ኮምፒውተር

ይድረስ ለወንድሜ ለባምላኩ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የኖርዌይ ብርድ ገባ ወይ? ያ ወገብህስ ተሻለው? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከነከብቱ፣ ከነአዝመራው ደህና ነን። ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቷል። ሐሙስ ማታ ስትደውል «እማ ደህና ገብታለች» ብዬ ቶሎ የዘጋሁብህ በስልክ የሚወራ ስላልነበረ ነው። ይህን በሰው እጅ እልካለሁና የሆነውን ከማስታወሻ ደብተሬ እያየሁ ልንገርህ።

እማ የላክኸውን መዳፍ የሚያህል ኮምፒውተር አዲስ አበባ ከጓደኛህ ተቀበለች። «እርጥበት እንዳይነካው» ብለሃታልና በጨርቅ ሰፍታ እንደ ክታብ ደረቷ ላይ አሰረችው። ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ፈታሿ ዳበሰቻት። ሽቦና ብረት ያለው ነገር፣ ያውም ተደብቆ፣ ያውም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ! ከአውቶቡሱ አወረዷት። አብራት የነበረች መንገደኛ ደወለችልኝ።

ከቡሬ ተነስቼ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። እማ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጣቢያውን አዛዥ «ፈንጂ ቢሆን ደረቴ ላይ አስሬው እያንኮራፋሁ እመጣ ነበር?» ትለዋለች። እኔም ወንድሜ የላከው ኮምፒውተር ነው አልኩት። «ኮምፒውተር ነው ካልክ አብርተህ አሳየኝ። አለዚያ እማማ በአሥር ሰዓቱ መኪና ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ እዚያ ያስረዱ» አለኝ።

ከጣቢያው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ቀይ መብራት ቦግ አለ፣ ስክሪኑ ጥቁር። መብራቱ ጭራሽ ነገሩን አባሰው። ውስጡ ያለው ሚሞሪ ካርድ ባዶ ነው፣ ሊኑክስ የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ካልተጫነበት ምንም አያሳይም ብል ማን ይስማኝ! ደግነቱ ሊኑክሱ ያለበትን፣ በፋሲካ የላክህልኝን ፍላሽ ይዤ ነበር። አዛዡ ጠባቂ አስከትሎ እዚያው ከተማ ወዳለው ወደ ወዳጄ እጅጉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሰደደኝ።

በከተማው መብራት የለም፤ ጣቢያው ብቻ በጄኔሬተር ይሠራል። የእጅጉ ላፕቶፕ ባትሪ ሠላሳ አንድ በመቶ ይላል። ፋይሉን እንደ ዘፈን ካርዱ ላይ ገልብጬ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። አሁንም ጥቁር። ስምንት ሰዓት ተኩል። ደብተሬን ብገልጥ «መገልበጥ አይበቃም፤ በመጻፊያው ፕሮግራም ይጻፋል» ይላል፣ አንተ በስልክ ያስጻፍከኝ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ! ራሴን እየረገምኩ ተመለስኩ። የካርዱ ቁጥር ሲወጣ፣ የባትሪው ሲወርድ፣ እኔና እጅጉ ሁለቱን እያፈራረቅን እናያለን። ካርዱ መቶ ሲሞላ ባትሪው አራት ቀርቶት ነበር። የእጅጉን ኪቦርድና ማውስ ይዤ በረርኩ።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ሰካሁት። ነጫጭ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ወረደ። «መልእክት እያስተላለፈ ነው!» ብሎ ጠባቂው ጮኸ። አዛዡ የመብራቱን ገመድ ያዘ። ከነቀለው ካርዱ ይበላሻል፤ እንደገና የምጽፍበት ጊዜም ባትሪም የለም። ብለምነው አልለቀቀም። እማ ከአግዳሚዋ ሳትነሳ «ተው የኔ ልጅ፣ ዳዊት የሚደግም ሰው ይቋረጣል? ይጨርስና ትጠይቀዋለህ» አለችው። እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቆመ። ጽሑፉ አለቀ፣ ሥዕል ያለው ገጽ መጣ። የሒሳብ ማሽኑን ከፍቼ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አባዛ፣ በስልኩ አስተያየ፣ ገመዱን ለቀቀ። «ይሂዱ እማማ» አላት።

መኪና ውስጥ ስንገባ ክንዴን ጨብጣ ያዘች፤ ቡሬ እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ከእንግዲህ በእሷ እጅ ዕቃ አትላክ፤ የምልህ ይኸው ነው።

ባለቤቴ አምለሰት በጣም ሰላም ብላሃለች። ልጄ ፍሬ እጅ ነስታለች። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሐና በጸሎት አልረሳሁትም ብለዋል። እማ ደግሞ ይህን ሁሉ እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር። «ዕቃው ሳይሰበር ደርሷል በለው፣ ይበቃዋል» ነው ያለችው።

ወንድምህ መልካሙ
ቡሬ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.