ለሁለቱም እጅ ያወጣንበት እሑድ

ጥቅምት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ጤፍ ስለቅም ዋልኩ። ጧት የቀበሌው ሱቅ ስኳር ገባ ተብሎ ሰልፍ ነበር። ሠላሳ ሰው ሳይደርሰው አለቀ ተባለ። ጎረቤቴ ላቀች ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ሄደች። እኔስ? ግማሽ ኪሎ በነጠላዬ ሸፍኜ በጓሮ በር ወጣሁ። ሱቁን የምትይዘው ማሬ አበልጄ ናት፤ ልጄን ዓለሚቱን ክርስትና ያነሳችልኝ። ታዲያ ሰጥታኝ እምቢ ይባላል?

እሑድ የሱቅ ኃላፊ ይመረጣል አሉ። የተጠቆሙት ማሬና ላቀች ናቸው።

ጥቅምት 7፣ እሑድ

የዛሬው ጉድ! አዳራሽ ውስጥ ያለነው ሰማንያ ሦስት ሰው። "ማሬን የሚመርጥ" ሲባል ሰማንያ እጅ ወጣ። "ላቀችን" ሲባል ሰባ ስምንት። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

"አንድ ሰው የሚመርጠው አንድ ነው!"

እማማ ውዴ ተነሡ። "ልጄ፣ ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው። ለአንዷ አውጥቼ ለአንዷ ብሸሽግ፣ ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ?"

"እማማ፣ ይሄ ምርጫ ነው እንጂ ለቅሶ ቤት አይደለም።"

"ለቅሶስ ቢሆን የሚደርሱልኝ እነሱው አይደሉ?"

ሳቅ በሳቅ። እኔም ሁለቴ ነው ያወጣሁት። ለሚመጣው እሑድ ተቀጠረ። እጅ ማውጣት ቀርቶ፣ ሁሉም ከመረጣት ሴት ኋላ ሄዶ ይቁም ተባለ። አይ መላ...

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ማሬ መጣች። አረፍ ብላ የዓለሚቱን ፀጉር ዳበሰች።

"አበልጄ፣ አንቺንማ አልለምንሽም።"

"እህ..."

"ከኋላዬ ካጣሁሽ ግን ሰው ምን ይላል? አበልጇ እንኳ አላመነቻትም ነው የሚለው።"

ላቀች ደግሞ ስለ ምርጫው ቃል አልተነፈሰችም። ቧንቧ ላይ ተገናኘን፤ "ደህና ዋልሽ" ብቻ። ምነው እሷም በለመነችኝ። ለሁለቱም እሺ ብዬ እገላገል ነበር።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

እግር እንደ እጅ አይደለም። ሁለት ቦታ አይቆም።

ጥቅምት 14፣ እሑድ

ከላቀች ኋላ ቆምኩ።

ወስኜ ነበር የሄድኩት? እንጃ። ማሬ ጋ ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ፣ ላቀች ያን ሐሙስ ባዶ ከረጢቷን ስታጣጥፍ ታየችኝ። ዞርኩ።

"አበልጄ?" አለች ማሬ፣ ቀስ ብላ።

ማሬ ሃምሳ ስምንት፣ ላቀች ሃያ አምስት። ማሬ ተመረጠች። እማማ ውዴም ከማሬ ኋላ ቆመው እኔን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላቀች ስንወጣ፣ "ምነው አንቺ፣ ለማይሆን ነገር ከሰው ተጣላሽ" አለችኝ። ማመስገኗ ይሆን?

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ስኳር ገባ። ተሰለፍኩ። ማሬ በመስኮት አየችኝና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አበልጄ፣ ነይ እለፊ እንጂ! የዓለሚቱ እናት ትሰለፋለች?" አለች።

ምሕረት ነው ፈተና? አላወቅሁም። ቂም የያዘች አትመስልም... ክፉ ሰው አይደለችም እኮ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ተራዬ ሲደርስ" አልኳት።

ሦስት ሰው ሲቀረኝ አለቀ።

ቤት ገብቼ ሻይ አፈላሁ፣ ያለ ስኳር። ዓለሚቱ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

"እማ፣ ይመራል።"

"ጠጪው" አልኳት። እኔ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።