የ«ባዶ ጀሪካን» ዐሥራ አንድ ዘፈኖች

ሰኞ፣ ጥር ፲፰

ዕድሜን ለንስሐ በሚሰጥ በእግዚአብሔር ስም፣ ይህን ደብተር ለሚከፍት ሁሉ ሰላም ይሁን።

አብዲ መጣ። ሰባት ወር ደጄን ሳይረግጥ ከርሞ ዛሬ ከሂርና በሚኒባስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የልጅ ልጄ የሐና ባንድ «ባዶ ጀሪካን» ሳይፈርስ ከበሮ መቺው እርሱ ነበር፤ አሁን አባቱን በጫት ንግድ ይረዳል።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ መሪጌታ?» ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቀኝ። ሐና ሥራ ላይ መሆኗን ብነግረው፣ የፈለገው እኔን እንደ ሆነ ነገረኝ። የሂርና ወጣቶች ዘፈኖቹን ሊጫወቱ ይፈልጋሉ። የተቀዳም የተጻፈም የለም።

«እኔ ምቱን እንጂ ግጥሙን ረስቻለሁ። ገመቹ ሦስቱን ብቻ ያስታውሳል። ሐና ስልኬን አታነሳም። ወላሂ ሊጠፉ ነው። እርስዎ ግን በግድግዳ ወዲያ ይሰሙን ነበር።»

ላስብበት አልኩት። አልዋሸሁም፤ እውነቱንም ግን አልነገርኩትም። ዐሥራ አንዱንም ከነዜማቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፱

አጀማመራቸውን ልጻፍ።

የሚለማመዱት ከጓዳዬ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ነበር። ሐና ትዘፍናለች። አብዲ በበርሜልና በጀሪካን ይመታል። ገመቹ የመኪና መካኒክ ነው፤ ጊታር የተማረው በፕሮቴስታንቶቹ ጸሎት ቤት ነው። ሐና «የዘፈናችን ዓይነት ፓንክ ነው» ስትለኝ የሆድ በሽታ መስሎኝ ነበር።

ዘፈን እንደ እኔ ላለ ሰው የሚገባ ነገር አይደለም፤ በሩን ልዘጋባቸው አስቤ ነበር። ጩኸቱም ለጆሮዬ ከባድ ነው። ቃሉ ግን እውነት ሆነብኝ። ስለማይመጣው የጭሮ ውኃ፣ በኬላ ላይ ስለሚንገላታው ሾፌር፣ በሚኤሶ ከብት በድርቅ ሲያልቅ ሳይቆም ስለሚያልፈው የእህል መኪና ነበር።

የውኃውን ዘፈን እዚሁ ከዘፈኑ በኋላ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርተው፣ «ማን ላካችሁ?» ተብለው ተጠየቁ። ገመቹ፣ «ጥማት» ብሎ መለሰ። ከሰዓት ተለቀቁ። በሳምንቱ ሁለት ቀን ውኃ መጣ። በእነርሱ ምክንያት ነው አልልም፤ ሰፈሩ ግን እንዲያ ይላል።

ረቡዕ፣ ጥር ፳

መጻፍ የፈራሁት ይህን ነው።

ሐና ግጥም እንዴት እንደሚሠራ ስትጠይቀኝ፣ ቅኔ ቤት ያደግሁበትን ደንብ ነገርኳት። አንድ ጊዜ የቀረበ ቅኔ ዳግመኛ አይቀርብም፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይታሰባል። እርስዋም ይህን የባንዱ ሕግ አደረገችው። አንድ ዘፈን በሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ ብቻ ይዘፈናል፤ አይቀዳም፤ አይደገምም። ሰውም እንዳያመልጠው ይጎርፍ ጀመር። እኔም በልቤ ኮራሁ።

ቦርደዴ ላይ አንዲት ከብቶቿ ያለቁባት ሴት በእግሯ ስትመጣ የድርቁ ዘፈን አልቆ አገኘችው። ድገሙልኝ ብላ ለመነች። አብዲ መምታት ጀመረ፤ ሐና ማይኩን አስቀመጠች። «ታዲያ የምንዘፍነው ለማን ነው?» አላት። በማግስቱ ሦስቱም እንድፈርድ ወደ እኔ መጡ።

«ደንብ ደንብ ነው» አልኩ።

አብዲ «እሺ አባባ» ብሎ ጫማውን አጠለቀና ወጣ። ባንዱ በዚያው ቀረ።

ያን ቀን የደበቅሁት ይህ ነው፤ ደንቡ ባለ ቅኔው በአምላኩ ፊት የትናንቱን ትራፊ ይዞ እንዳይቆም እንጂ፣ ለምኖ የመጣን ሰው ለመመለስ አልተሠራም። የድጓው ዜማ እኮ በየዓመቱ ይደገማል፤ ሰልችቶት የወጣ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ጥር ፳፩፣ አስተርእዮ ማርያም

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በቦኖው ሰልፍ ሴቶች የውኃውን ዘፈን ያንጎራጉሩ ነበር። ሦስተኛው አንቀጽ ጠፍቷቸው «ላ ላ ላ» እያሉ አለፉት። መቋሚያዬን ተደግፌ ቆምኩ፤ ሳላስበው አንቀጹን አወጣሁት።

«መሪጌታ፣ እርስዎም?» አለች አንዷ።

«እኔም ውኃ እጠጣለሁ» አልኳት። ሳቁብኝ፤ ከዚያም አስደገሙኝ።

ቤት ገብቼ ለሐና ሁሉንም ነገርኳት። ፍርዴ ትዕቢት እንደ ነበረ ሳልሸሽግ ነገርኳት።

«ሰባት ወር፣ አባዬ» አለችና ክፍሏ ገባች።

ዓርብ፣ ጥር ፳፪

አታናግረኝም። እጽፋለሁ።

ሰባቱ ተጽፈዋል። በየቃሉ ራስ ላይ እንደ ድጓው የዜማ ምልክት አኖርኩ። ጣቴ ቀለም ብቻ ሆኗል። የኬላው ዘፈን አስቸገረኝ።

አመሻሽ ላይ ከኋላዬ ቆማ አነበበች።

«እዚህ ጋ ዜማ አይደለም፤ ጩኸት ነው።»

«ለጩኸት ምልክት የለንም።»

«ፍጠሩለታ» አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ ይህን ያህል ብቻ ነው። ፈጠርኩለት፤ እሾህ የሚመስል ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፫

አብዲም ገመቹም መጡ። ማን እንደ ጠራቸው አልጠየቅሁም።

ሦስቱንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አብዲ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ከለከልኩት። ገመቹ ግን ዐሥራ አንዱ ዘፈኖች የተጻፉበትን ደብተር ሲያገላብጥ፣ «ይቺ ቦታ ላይ እኔ እንዲህ ነክቼ አላውቅም፣ አባባ» አለ።

«ነክተሃል። ተሳስተህ ነበር፤ እኔ ግን የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እኛ ጸሎት ቤት ስሳሳት ይቅር ተብሎ ይረሳል፤ እዚህ በቀለም ይጻፋል።» አብዲ ከት ብሎ ሳቀ።

ባንዱ የሚመለስ አይመስለኝም። ገመቹ ሚኤሶ ጋራዥ ተቀጥሯል፤ አብዲም ሰርጉ ደርሷል። የሂርናዎቹን ልጆች ግን በየተራ ሊያስተምሩ ተስማሙ። ሐናና አብዲ ገና ፊት ለፊት አይተያዩም። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ሲሞክሩ አብዲ ጠረጴዛዬን ይመታ ነበር። አራተኛው ላይ ሐና እጇን አነሣች።

«ፈጥነሃል» አለችው። «ድገመው።»

ደገመው።

ይህን የምታነብ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ከጥልና ከጥማት ይጠብቅልህ፤ ልጆችህንም ስሕተትህን ይቅር የሚሉ ያድርግልህ። አሜን።