ጩኸቱ የጠፋው የስፌት መኪና

ሐሙስ፣ ኅዳር 7 ቀን 1976 ዓ.ም.
ሙቀት። ከማስተማር ስመለስ እማዬ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው። ግው ግው ቀጭ... ሲቀላ ገበያ ድረስ ይሰማል መሰለኝ። በተወለድኩበት ዓመት አባቴ ከሶዶ እስከ አገራችን ገረሴ ድረስ በበቅሎ ጭኖ ያመጣላት ነው። አባቴም በቅሎውም የሉም፤ መኪናው ግን አሁንም ይሰፋል። ይስፋ! ጩኸቱ ነው የገደለኝ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ዘካሪያስ በመምህራን ጓደኞቼ ፊት፣ «ገነነ፣ የእናትህ ወፍጮ ዛሬ ስንት ኩንታል ፈጨ?» አለኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

እሑድ፣ ኅዳር 10
እማዬ ለለቅሶ ገረሴ ወጥታለች። ማክሰኞ ማታ ትመለሳለች። ጥሩ ጊዜ... መኪናውን ፈታታሁት። በላምባ አጠብኩ፣ የላላውን ብሎን ሁሉ አጠበቅሁ፣ ዘይት አጠጣሁ። ብረግጠው፣ ጸጥ! ዘካሪያስ እንግዲህ ምን ይላል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 13
ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነው፤ እማዬ የለችም። ልብስ ሊያሰፉ ከሚመጡት ሴቶች አንዷ፣ ዘሪቱ፣ ደጃፉ ላይ ታለቅሳለች። አብዮት ጥበቃዎች እማዬንና ጓደኛዋን ልክነሽን ወስደዋቸዋል። ሲዘምሩ ተሰምተው። እኔ ሴቶቹ ረቡዕ ረቡዕ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ መስሎኝ! ለካስ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ የሚጸልዩት እዚሁ ነው።
«እናትህ ትረግጣለች፣ እኛ በመኪናው ጩኸት ተሸፍነን እንዘምራለን» አለች ዘሪቱ። «ዛሬ ብትረግጠው ብትረግጠው ድምፅ የለ! ልክነሽ ደግሞ አንዴ ከጀመረች መች ትሰማለች...»
ዘይት ያጠጣሁት እኔ ነኝ አላልኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14
ለእማዬ የበቆሎ ቁርቁፋ ለምሳዋ ቋጥሬ ቀበሌ ሄድኩ። ዘበኛው ምግቡን ተቀበለኝ፤ እሷን አላሳየኝም። ተመስገን አልኩ። እናቴን ባለማየቴ ተመስገን! ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ እኮ ነው ሁሉም።

ሰኞ፣ ኅዳር 25
ሁለቱንም ፈቷቸው። ሁለተኛ አንሰበሰብም ብለው ፈርመው። እማዬ ከስታለች። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ መኪናው ላይ ተቀመጠች።
«ዘይት ያጠጣኸው አንተ ነህ?»
ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! «አዎ፣ እማዬ።»
ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «እዚያ ሆኜ ገባኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ አይተህ ነው። እንዴት ቀለለኝ መሰለህ! ከአባትህ ወዲህ ለጉልበቴ ያሰበ የለም። ተባረክ፣ ልጄ።»
ለጉልበትሽ ብዬ አልነበረም ማለት ነበረብኝ። ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ሌባ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 27
አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ሴቶቹ መጡ። ፈርመው እንኳ አይተዉም!
«ጩኸቱ እንዲመለስ ብሎኑን ላላላው?» አልኳት እማዬን።
«እንዳትነካው!» አለች። «ለእናትህ ያደረግከውን መልሰህ ልታፈርስ?»
ወንበር ይዤ በር ላይ ወጣሁ። የስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ገልጬ በጩኸት ማንበብ ጀመርኩ። ልክነሽ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ እኔም ከፍ...
ዘካሪያስ ከነደንበኞቹ ብቅ አለ። «ኧረ ገነነ! ጤና የለህም እንዴ? ለማን ነው የምታስተምረው?»
ሳቁብኝ። አንዱማ ሆዱን ይዞ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፤ ወደ ቤት መሮጥ አማረኝ። «የአባያ ሐይቅ!» ብዬ ጮህኩ፣ ከበፊቱ አብልጬ።
ማታ እማዬ ለጉሮሮዬ ማር በሙቅ ውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ፤ ደግማም መረቀችኝ። ዘይቱን ለምን እንዳጠጣሁ አሁንም አልነገርኳትም።