ከውስጥ የተሰበረ መስኮት

ሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 3 ቀን

ዝም ላልከኝ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? የኔን ጤና አትጠይቀኝ፤ ደሜ ፈልቷል። ደጋግሜ ስደውል ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሃል፤ ስለዚህ የምለውን ወረቀቱ ይሸከመው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ወንድሜ ከታሰረ ሦስት ወር አለፈው። ባለፈው ማክሰኞ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ከስቷል። "እህቴ፣ አሁንም ድንጋዩን እኔ የወረወርኩት ይመስልሻል?" አለኝ። ተኮራርፎ ግማሽ ቀን መቆየት የማይችል ሰው እኮ ነው! ስለ ካልሲና ስለ ሳሙና ማውራት ጀመርኩ።

ቤት እንደገባሁ የሳሎኑ መስኮት ላይ የለጠፍነውን ካርቶን ገነጠልኩት። አሥራ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ከወንጀል ቦታ የመጣ መስታወት ስመረምር ኖሬ፣ የራሴን ቤት መስኮት አንድ ቀን ቀረብ ብዬ አላየሁትም። ያን ቀን ከሥራ ስገባ ግንባርህ ደምቶ፣ ድንጋዩ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ "ወንድምሽ ከግቢ ወርውሮ ሊገድለኝ ነበር" አልከኝ። ዓይኔን ጨፍኜ አመንኩህ። መጥረጊያ አንስቼ ስብርባሪውን ጠርጌ ጣልኩት። ከሳሎኑ ይልቅ ከግቢው ብዙ እንደጠረግሁ ትዝ ያለኝ አሁን ነው። ለፖሊስም "ባሌ አይዋሽም" ብዬ ከቃልህ ሥር ፈረምኩ።

ደግነቱ መስታወቱን ከመስኮቱ ፍሬም ጋር ያጣበቀው ስቱኮ ውስጥ የቀሩ ስባሪዎች ነበሩ። አንዱን ነቅዬ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት። መስታወት ሲሰነጠቅ ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ጎባጣ መስመሮች ይቀራሉ፤ ምቱ ከየት በኩል እንደመጣ ከነሱ ይነበባል። ይሄ መስታወት የተመታው ከሳሎኑ በኩል ነው። ከውስጥ! ወንድሜ ግቢ ነበር። ሳሎን ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ።

በዚህ አላበቃሁም። መስታወት ሲመታ ደቃቅ ፍንጣሪ ወደ መቺው ይመለሳል። ያን ቀን ለብሰኸው የነበረውን፣ ለሥራ ብለህ ክፍለ ሀገር ስትሄድ የተውከውን ሰማያዊ ሹራብ አውጥቼ፣ ከቀኝ እጅጌው ሰባት ፍንጣሪ በወረንጦ ለቀምኩ። ከመስኮቱ ስባሪ ጋር ዘይት ውስጥ ከትቼ አሞቅኋቸው፤ ሁሉም እኩል ሙቀት ላይ ሲደርሱ ጠርዛቸው ከዓይኔ ተሰወረ። በኛ ሙያ ይሄ ማለት ከዚያ መስኮት ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። አንተ ግን ዓይንህን በጨው አጥበህ "መስኮቱ ሲሰበር ራቅ ብዬ በሩ ጋ ነበርኩ" ብለህ ፈርመሃል።

አለቃዬ ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። ፊቱ ጠቆረ።

"ስባሪውንም ሹራቡንም የነካው ማነው?"

"እኔ።"

"በአንድ ጠረጴዛ ላይ?"

"አዎ።"

"ተከሳሹስ ምንሽ ነው?"

"ወንድሜ" አልኩት። "ለጀማሪዎቹ ይሄን አታድርጉ ብለሽ የምታስተምሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ልብሱንና መስታወቱን አንድ ሰው ከነካቸው ፍንጣሪው በኔው እጅ ተሸጋግሮ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ እህቱ ነኝ። ሌላ ሰው ቢመረምረው ኖሮ ወንድሜን ያስፈታው የነበረውን ማስረጃ እኔው በንዴቴ አበላሸሁት። አሁን የቀረው ያንተ አፍ ብቻ ነው።

ለምን? እሱን ይዘን መኖር ከሰለቸህ ምላስ አልነበረህም? ብትነግረኝ ተጨቃጭቀን፣ ተኳርፈን ያልፍ ነበር። ሰው እንዴት ግንባሩን በገዛ እጁ ሰንጥቆ የሰው ወንድም ያሳስራል?

እዚያ ብርዱ ከባድ ነው ይላሉ። ወፈር ያለ ልብስ ግዛ፤ ሹራብህ ታሽጎ አለቃዬ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ይሄን ደግሞ ለምን እንደምጽፍልህ እኔም አላውቅም።

ችሎቱ የካቲት 20 ነው። እቆምና የፈረምኩት ሐሰት ነው እላለሁ። ማስረጃውን እንዴት እንዳበላሸሁም እናገራለሁ፤ ከሥራ ካባረሩኝም ያባርሩኝ። የኔን ቃል እኔ አነሳለሁ። ያንተን ግን ከራስህ በቀር ማንም አያነሳልህም።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ወደዚህ የሚያመጣህን መንገድ ማለቴ ነው።

እስከ የካቲት 20 ድረስ
ሚስትህ